«ድመቷን ላስቀራት ወይስ ልስጣት?»

ደብዳቤው

ሰላም እህቴ። 38 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ሲሆን ለሥራ ድሬዳዋ ከገባሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። የምኖረው ሳቢያን ነው፤ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ። ሚስትም ልጅም የለኝም። የጭነት ሰነድ የሚያስፈጽም ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። አልፎ አልፎ ወደ ደወሌ ይልኩኛል፤ ሁለት ሦስት ቀን አድሬ እመለሳለሁ።

የድሮ ኑሮዬን ልንገርሽ። ከሥራ ስወጣ በርጫ፣ ከዚያ አንድ ሁለት ቢራ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ቤት። እሑድ እስከ ቀትር እተኛለሁ። ግቢ ውስጥ ካሉት ጎረቤቶች የአንዳቸውንም ስም አላውቅም ነበር።

ከሁለት ወር በፊት ከቀፊራ ስመለስ የቆመ ባጃጅ ሥር የድመት ግልገል ስትጮህ ሰማሁ። ጥቁር ናት፣ የመዳፌን ያህል ብትሆን ነው። እናቷ ትመጣ እንደሆን ቆሜ ጠበቅኩ። አልመጣችም። ከሱቅ ካርቶን ለምኜ ይዣት ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ራሴን አላውቀውም። 12 ሰዓት ላይ ቤት ነኝ። ጫት ጭራሽ ባልተውም በሳምንት አንዴ ሆኗል። ቤቱን እጠርጋለሁ። አንድ ቀን ጎረቤቴ አዴ ቤት ገብታ አልጋ ሥር ተደበቀችብኝ። እሷን ላወጣ ገብቼ ቡና ጠጥቼ ወጣሁ። አሁን የአዴ የልጅ ልጅ በየቀኑ ልታያት ትመጣለች።

ያስቸገረኝ ሰው ነው። አከራዬ «ቤቱን ያከራየሁት ለአንድ ሰው ነው» ብላኛለች። የሥራ ባልደረቦቼ «ወንድ ልጅ ድመት ያሳድጋል?» እያሉ መሳቂያ አድርገውኛል። እህቴ ደግሞ ደውላ «ሚስት አግባ ስንልህ ድመት አመጣህ? የድመት ፀጉር እኮ ሳንባ ውስጥ ይገባል፣ ሴትም ታመክናለች» ትለኛለች። ባለፈው ሳምንት ሳጫውታት እጄን ቧጨረችኝ፣ ትንሽ ደማ። እውነቱን ልንገርሽ? አሁን ሰው አያስፈልገኝም፤ እሷ ትበቃኛለች። ላስቀራት ወይስ ልስጣት? ወደ ደወሌ ስሄድስ ምን ላድርጋት?

ወንደላጤው፣ ከሳቢያን

መልስ

ወንድሜ፣ አስቀራት።

መልሱን ፍለጋ እስከ ታች እንዳትለፋ ብዬ ከላይ አስቀመጥኩልህ። የምለው ግን ብዙ ነው፤ ደብዳቤህ ውስጥ ከድመቷ የሚከብድ ነገር አለና። እሱን በግማሽ መስመር አልፈኸዋል። እኔ አላልፈውም።

መጀመሪያ ግን እጅህ። «ትንሽ ደማ» ብለህ እንደ ዋዛ ጽፈሃል። የእብድ ውሻ በሽታ በውሻ ስም ይጠራ እንጂ ድመትንም ይይዛል፤ ከድመት ወደ ሰውም ይተላለፋል። አገራችን ውስጥ ዛሬም ሰው ይገድላል። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በጊዜ ክትባት የወሰደ ግን ይድናል። ያንተ ድመት በሽታው አለባት እያልኩህ አይደለም። ሁለት ወር አብራህ ኖራ ደህና መሆኗ ጥሩ ነገር ነው። ቢሆንም ከመንገድ የመጣች፣ ያልተከተበች እንስሳ ቆዳህን ቀዳለች። ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳትል ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂድ። መቼ እንደቧጨረችህ፣ ከዚያ ወዲህ እንዴት እንደሆነች ንገራቸው። ክትባት ያስፈልግህ እንደሆነ እነሱ ይወስኑ።

ሌላ ጊዜ ብትነክስህም ብትቧጭርህም እዚያው በዚያው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠበው። 15 ደቂቃ ስታጥብ ነው ርዝመቱ የሚታወቅህ፤ ሰዓት እያየህ እጠብ። የቡና ዱቄት አትነስንስበት። ጸበል የምትሄድ ከሆነም ሂድ፣ ክትባቱን ግን አታስቀር። ደግሞም በጣትህ አታጫውታት። አሁን ትንሽ ስለሆነች ያስቃል፤ እጅህን እንደ አይጥ ማደን የለመደች ድመት አድጋም አትተውም። ክር ላይ ጨርቅ አስረህ ጎትትላት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። «ራሴን አላውቀውም» ብለሃል። እኔ ግን ምን እንደሆንክ የገባኝ ይመስለኛል።

ብቻውን የሚኖር ሰው ከምንም በላይ የሚጎድለው የሚጠብቀው ሰው ነው። 12 ሰዓት ገባህ፣ ሌሊት 6 ሰዓት ገባህ፣ «የት ቆየህ?» የሚልህ የለም። መጀመሪያ ላይ ይኼ ነፃነት ነው። የወንደላጤ ኑሮ የሚጥመውም ለዚህ ነው፤ እኔ ራሴ አልንቀውም። ዓመት ሲደራረብ ግን ቀኑ መልክ ያጣል። መቼ እንደሚበላ የሚወስነው ረሃብ ይሆናል። መቼ እንደሚተኛ የሚወስነው ምርቃና ይሆናል። ድሬ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ኑሮ ትመቻለች። ቀትር ላይ ከተማው ጥላ ፈልጎ ይተኛል፣ አመሻሹ ላይ ነፋስ ሲነሳ ሁሉም ይወጣል። ሌሊቱ ሞቅ ያለ ነው፣ ቢራው ቀዝቃዛ ነው፣ ወሬው አያልቅም። ማንም ሳያይህ ሦስት ዓመት ይሄዳል። ሄዷልም።

ከዚያ ይህች ድመት መጣች። የምትፈልገው ጥቂት ነው። ምግብ በሰዓቱ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ንጹሕ አሸዋ፣ ትንሽ ጨዋታ። አንተ ካልሰጠሃት ግን የሚሰጣት የለም። 12 ሰዓት ላይ ቤት የምትገኘው ለዚህ ነው። ቤቱን የምትጠርገውም መሬት ላይ የወደቀውን ሁሉ ስለምትቀምስ ነው። ጫቱን የቀነስከው ተመክረህ አይደለም። ስለ ጫት ምክር ሳትሰማ 38 ዓመት አልሞላህም። የጫቱን ሰዓት ሌላ ሥራ ያዘው፤ በቃ። በዚህ በኩል ድመት ከመካሪ ትበልጣለች። ይህን ስል የራሴን እንጀራ እየነካሁ እንደሆነ አውቃለሁ።

ድመት ማሳደግ የደም ግፊት ያወርዳል፣ ዕድሜ ይቀጥላል የሚሉ ጽሑፎች እዚህም እዚያም ታገኛለህ። ብዙ አትመካባቸው። የቤት እንስሳ ብቸኝነትን ይቀንሳል ወይ በሚለው ላይ የተሠሩ ጥናቶች አንድ ቃል የላቸውም። አንዱ ይረዳል ይላል፣ ሌላው ለውጥ አላገኘሁም ይላል። እኔን አይገርመኝም። እንስሳዋ ራሷ የምታደርገው ነገር ትንሽ ነው። ባለቤቱ በእሷ ሰበብ የሚያደርገው ነው ሰው ከሰው የሚለየው። አንዱ ድመቱን አቅፎ በሩን ይዘጋል። ሌላው ድመቱን ሲያሳድድ ጎረቤት ቤት ይገባና ቡና ጠጥቶ ይወጣል።

አንተ እስካሁን ሁለተኛው ነህ። ለዚህ ነው «አሁን ሰው አያስፈልገኝም፤ እሷ ትበቃኛለች» ያልካት ነገር ያልተዋጠችልኝ። በግማሽ መስመር ያለፍካት ይህችን ነው።

ወንድሜ፣ የገዛ ደብዳቤህ እንዲህ አይልም። ሦስት ዓመት በአንድ ግቢ ኖረህ የማንንም ስም አታውቅም ነበር። በሁለት ወር ውስጥ የአዴን ቡና ጠጣህ። የልጅ ልጇ በየቀኑ በርህን ታንኳኳለች። ከአከራይህ ጋር ተነጋገራችሁ፤ ጭቅጭቅ ቢሆንም ንግግር ነው። እህትህ ደውላ ስለ ሳንባህ ተጨነቀች። ባልደረቦችህ እንኳ የሚስቁብህ ስለ አንተ የሚያወሩት ነገር ስላገኙ ነው። ከድመቷ በፊት ስለ አንተ ምን ይወራ ነበር? እስቲ አስበው።

ድመቷ ያመጣችልህ ሰው ነው። ከአዴ ጋር የሆነውን ተመልከት። ሌላ እንስሳ ብትሆን ነገሩ እንዲህ አይቀልም ነበር፤ ውሻ አልጋ ሥር ቢገባባት ውኃና አፈር ይዛ ቤቱን ስታጥብ ትውል ነበር። ድመት ግን በእስልምና ነጃሳ አይደለችም። ነቢዩ ሙሐመድ ድመት በመካከላችሁ የምትመላለስ ናት፣ ርኩስ አይደለችም ማለታቸው በሐዲስ ይነገራል። ስለዚህ ድመቷ ዘው ብላ ስትገባ አዴ አልደነገጠችም፤ ተከትለህ ስትገባም ስኒ አቀረበችልህ። ለአንድ ደብረ ብርሃናዊ ከዚህ የተሻለ መግቢያ የትም አይገኝም።

ለምን «ሰው አያስፈልገኝም» እንዳልክም ይገባኛል። ሰው ሲቀርብ ይጠይቃል። ለምን አላገባህም ይላል፣ ደመወዝህ ስንት ነው ይላል፣ ይስቃል። ድመት ይኼን ሁሉ አታውቅም። ስትገባ እግርህን ትታከካለች፣ ትበላለች፣ ጭንህ ላይ ትተኛለች። ከሰው የደከመው ሰው ይህን ቢወድ አይፈረድበትም። ግን ድሬ ሰው የሚያስፈልግባት ከተማ ናት። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ ቺኩንጉኒያ ከተማውን ሲያዳርሰው አንተ አልነበርክም። ከዚያ በፊትም በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ዴንጊ ነበር። ሁለቱንም የምታስተላልፈው በቤት ውኃ ማጠራቀሚያ የምትራባው ትንኝ ናት። ቺኩንጉኒያ መገጣጠሚያን ቀስፎ ይይዛል፤ ከአልጋ ተነስቶ በርሜል ድረስ መሄድ ያቅታል። ያኔ ውኃ የምታቀብለው አዴ ናት። ድመቷማ እሷም ቁርሷን ትጠብቃለች።

ደግሞ መጤ ነኝ ብለህ አትሽሽ። ይህች ከተማ ራሷ መጤ ናት። ባቡሩ እዚህ በ1895 ዓ.ም. ባይደርስ ኖሮ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ባልኖረች። ግሪኩም፣ አርመኑም፣ የመኑም፣ ህንዱም፣ ከሐረር የወረደውም ከሸዋ የመጣውም፣ እዚህ ደርሶ ጎረቤት ያፈራ ሁሉ ነው የድሬ ሰው የሆነው። አንተ ሦስት ዓመት ዘግይተህ ጀመርክ፤ ምንም አይደል።

ስለዚህ ምን ላድርግ ብትለኝ ትንሽ ነገር ነው። ማታ ማታ ሙቀቱ ሲበርድ የግቢው ሰው ምንጣፍና ወንበር ያወጣል። አንተም አውጣ። ድመቷን ይዘህ ውጣ፤ ወሬውን እሷ ትጀምርልሃለች። የሰፈሩ እድር የት እንደሚሰበሰብ አዴን ጠይቃት። ስለ ትዳር አልጠየቅከኝም፣ እኔም አልመክርህም። ያ የእህትህ ሥራ ነው፤ እሷም በደንብ እየሠራችው ነው።

እህትህ ካልኩ አይቀር ያለችህን አንድ በአንድ እንየው። የድመት ፀጉር ሳንባ ውስጥ ይገባል የሚለውን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ፀጉሩ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይቀመጥም። እውነት ያለው አለርጂው ላይ ነው። በድመት ምራቅና ቆዳ ውስጥ አንዳንድ ሰው የማይስማማው ፕሮቲን አለ። ራሷን ስትልስ ፀጉሯ ላይ ይቀራል፣ ሲደርቅ ከአቧራ ጋር ይበናል። አስም ያለበትን ሰው ሊቀሰቅስበት ይችላል። አንተ ግን ሁለት ወር አብረሃት ተኝተህ ካላስነጠስክ፣ ዓይንህ ካላሳከከህ፣ ደረትህ ካላፏጨ ይኼ ያንተ ጉዳይ አይመስልም። «አብረሃት ተኝተህ» ያልኩት ገምቼ ነው። አልጋ ላይ አታውጣት ብዬ ብመክርህ እንደማትሰማኝ አውቃለሁ።

ሴት ታመክናለች የሚለውም ስህተት ነው፤ የመጣው ግን ከእውነተኛ ነገር ነው። ቶክሶፕላዝማ የሚባል ዓይን የማያየው ጥገኛ ተውሳክ አለ። ድመት በዓይነ ምድሯ ልታወጣው ትችላለች። ማምከን አያመክንም። አደጋው አንዲት ሴት ነፍሰ ጡር ሆና ሳለች ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት ነው፤ ያኔ ፅንሱን ሊጎዳ፣ ሊያስወርዳትም ይችላል። ተውሳኩ እንደወጣ ወዲያው ሰው አይይዝም፤ ለዚያ ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ዓይነ ምድሯን በየቀኑ አውጥተህ ከጣልክና እጅህን በሳሙና ከታጠብክ ነገሩ በጣም ይቀላል። ወደፊት ቤትህ ነፍሰ ጡር ብትኖር አሸዋውን እሷ አትንካው፤ አንተ ታወጣለህ። እህትህ ሌላ ያልነገረችህ ነገር ደግሞ ይኸው፤ ይህ በሽታ በጥሬ ሥጋና በደንብ ባልታጠበ አትክልትም ይመጣል። ቁርጥ በአዋዜ እየበላን ከድመት የምንሸሽ ጉደኞች ነን።

ባልደረቦችህን ተዋቸው። ከተሟገቱህ ግን አቡ ሁረይራን አስታውሳቸው። ከነቢዩ ባልደረቦች ብዙ ሐዲስ በማስተላለፍ የሚታወቀው ሰው ነው፤ የድመት ግልገል ይዞ ይዞር ስለነበር የድመቷ አባት ተብሎ ቀረ። የወንድነት ጥያቄ ያነሳበት የለም።

አሁን ምግብ። እዚህ ላይ ረዘም ብል አትቆጣኝ፤ ብዙ የድመት ግልገል የሚሞተው በጭካኔ ሳይሆን በደግነት ነው። «ድመት ወተት ትወዳለች» ይባላል። መውደዱን ትወዳለች። የላም ወተት ግን ለብዙዎቹ አይስማማም፤ ያስቀምጣቸዋል። በድሬ ሙቀት ተቅማጥ የያዛት ግልገል በአንድ ቀን ውስጥ ደርቃ ልትሞት ትችላለች። ያንተዋ ሲገመት አሁን ሦስት ወር አካባቢ ናት። ወተት አያስፈልጋትም፤ ውኃ ይበቃታል። (ይህን የምታነቡ ሌሎች፣ ዓይኗ ገና ያልተገለጠ ግልገል ካገኛችሁ ነገሩ ሌላ ነው። እሷ ለግልገል የተዘጋጀ ወተት በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ትፈልጋለች፤ ሙቀትም እንዲሁ። እንቅልፍ ከእንግዲህ የለም ማለት ነው። ከማንሳታችሁ በፊት ግን እናቷ ምግብ ፍለጋ ሄዳ እንዳይሆን፣ አደጋ ከሌለ ራቅ ብላችሁ ጠብቁ። ወንደላጤያችን እንዳደረገው።)

ድመት ሥጋ በል ናት። እንጀራ በሽሮ ሆድ ይሞላላት ይሆናል፤ አያኖራትም። ዓይኗና ልቧ ደህና እንዲሆኑ ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ከሥጋ ማግኘት አለባት፤ ከእህል አታገኘውም። ሉካንዳ ሄደህ ሳንባ ጠይቅ። ለድመት ነው ስትል ባለ ሉካንዳው ያውቀዋል፣ ርካሽም ነው። ሳንባ ብቻውን ግን አይበቃም። ልብ ስታገኝ ቀላቅልበት፤ ታውሪኑ በልብ ውስጥ ብዙ ነው። ጉበት አልፎ አልፎ፣ ትንሽ ትንሽ። በጥቂት ውኃ ቀቅለህ አብርድ፣ ቆራርጥ፣ መረቁንም ስጣት። ጨው አትጨምር። እንቁላልም የተቀቀለ ይሆናል። የተዘጋጀ የድመት ምግብ ካገኘህና ኪስህ ከቻለ እሱን ቀላቅል። አሁን በቀን ሦስት አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ አብላት። የበሰለ አጥንት አትስጣት፣ ይሰነጠቅና አንጀቷን ይወጋል።

ወጥ ግን ፈጽሞ። እኛ ወጥ ስንሠራ ግማሹ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። በአንድ ጉርሻ ላትሞት ትችላለች፤ በየቀኑ ከሳህንህ ስታካፍላት ግን ደም እያነሳት ትሄዳለች፣ አንተም ለምን ከሳች ትላለህ። ሌላው ፓራሲታሞል ነው። አሟታል ብለህ ግማሽ ክኒን እንዳትሰጣት። ለእኛ የራስ ምታት መድኃኒት ነው፤ ድመትን ይገድላል።

ስለ ሙቀቱም ጥቂት ልበል። ግንቦትና ሰኔ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አንድ ክፍል ቤት ቀትር ላይ ምጣድ ነው። ቆልፈህባት ሥራ አትሂድ። መስኮቱን ክፈትና የትንኝ ወንፊት አስርበት፤ ለአንተም ለዴንጊው ይጠቅማል። ውኃውን በሸክላ አስቀምጥላት፣ አንዱን ብትደፋው ሌላ እንዲኖር ሁለት አድርገው። አፏን ከፍታ እንደ ውሻ ስታለከልክ ካየህ ሙቀት መቷታል ማለት ነው። ጥላ ውስጥ አስገባት፣ መዳፏንና ሆዷን በእርጥብ ጨርቅ አርጥብላት፣ ወደ ሐኪም ውሰዳት።

ሐኪሙን ደግሞ ሳትታመም ነው የምታገኘው። ሦስት ወር ከሞላት የእብድ ውሻ ክትባት መከተብ ትችላለች። የሆድ ትል መድኃኒትም ያስፈልጋታል፤ መንገድ ላይ የተወለደች ግልገል ትል የሌለባት ብርቅ ነው። በአቅራቢያህ ያለውን የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒክ ጠይቅ። እዚያ ካልተሳካ ዳገቱን ወጥተህ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አለልህ፤ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው። ስትሄድ ክዳን ያለው ቅርጫት ውስጥ ይዘሃት ሂድ። እቅፍህ ውስጥ ሆና ባጃጁ ጥሩንባ ቢነፋ አታገኛትም። እዚያው ስለ ማምከንም ጠይቅ። ሴት ድመት ገና አራት አምስት ወሯ ላይ ልትፀንስ ትችላለች። እርግዝናው ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ነው። ከዚያ አንድ ክፍል ውስጥ አንተ፣ እሷና አራት ልጆቿ ናችሁ። አከራይህ ያን ጊዜ ብታስወጣህ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ።

አከራይዋ፣ በነገራችን ላይ፣ መብቷ ነው። ቤቱ የእሷ ነው፣ ስትከራይም ድመት አልነበረችም። ድመቷን አትደብቅ፤ ግቢ ውስጥ የሚደበቅ ነገር የለም። ቡናና ስኳር ይዘህ ሂድና የምትፈራው ምን እንደሆነ ጠይቃት። አብዛኛውን ጊዜ ሽታ ነው፣ ወይም መባዛት ነው። ለሽታው መድኃኒቱ አሸዋ ነው። ደቻቱ ሲደርቅ ከአሸዋ ሌላ ምን አለው? ከወንዙ አምጣና ፀሐይ ላይ አድርቀው፣ ሳፋ ውስጥ አድርግላት። ድመት አሸዋ ካገኘች ሌላ ቦታ አትፈልግም። የቆሸሸውን በየቀኑ አውጣ፣ ሳፋውን በየሳምንቱ እጠብ። (ክረምት ላይ አሸዋ ልታመጣ ስትሄድ ግን ወደ ዳገቱ በኩል ያለውን ሰማይ እይ። ድሬ ፀሐይ ሆኖ ላይ ቤት ዘንቦ ጎርፍ ይወርዳል። የ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ጎርፍ ሌሊት መጥቶ ስንቱን ወሰደ።) ለመባዛቱ ደግሞ አመክናታለሁ በላት፣ ቀኑን ቆርጠህ ንገራት። ዕቃ ቤቷ ውስጥ እህል ካላት አይጥ እንዳለባት አትጠራጠር፤ ይህን አንተ አታንሳው፣ አዴ ታንሳው። አዴ ስትናገር ይሰማል። ይህ ሁሉ ሆኖም እምቢ ካለች አትጨቃጨቅ፤ ሌላ ቤት ፈልግ፣ እስክታገኝ ድረስ አዴ ጋ ትቆይልህ።

ደወሌ ስትሄድስ? ምግብና ውኃ ትቼ ቆልፌባት እሄዳለሁ ብለህ እያሰብክ ከሆነ ተው። ሁለት ቀን በዚያ ሙቀት ሥጋው ይሸታል፣ ውኃው ይደፋል። ቁልፉን ለአዴ ስጣት። ገንዘብ አታቅርብላት፣ ትቀየምሃለች። ስትመለስ ተምር ይዘህላት ና። የተቀቀለውን ሥጋ ከፋፍለህ ፍሪጅ ያለው ጎረቤት ጋ አስቀምጥ፤ ስንት ሰዓት ምን ያህል እንደምትበላ ወረቀት ላይ ጻፍ። የማብላቱ ሥራ ለልጅቷ ይሁን፤ ደስ ይላታል። አሸዋው ግን የትልቅ ሰው ሥራ ነው፣ እሷ አትንካው። ካበላችም በኋላ እጇን ትታጠብ። ብትቧጭራት ወዲያው ለአያቷ እንድትናገር አስጠንቅቃት፤ ልጆች እንዳይቆጧቸው ብለው ይደብቃሉ። ስልክ ቁጥርህን ግድግዳው ላይ ለጥፍላቸው።

አዴ የሌለችበት ጊዜ ከሆነ ባልደረቦችህን ጠይቅ። ከሚስቁብህ መሃል አንዱ እሺ ይልሃል። ብዙ ጊዜ በጣም የሚስቀው ነው።